የውሻ ገላና ፀጉር እንክብካቤ በድሬዳዋ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ ከዚራ ውሾችን በማጠብ፣ ፀጉራቸውን በመከርከምና ጥፍራቸውን በመቁረጥ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ደንበኞች፣ ጎረቤቶችና ሙያውን ለመማር የሚያስቡ ወጣቶች ደጋግመው ጠይቀውኛል። በአጭሩ የሚመለሰውን በአጭሩ አልፌ፣ የውሻን ጤና የሚነካውን ሰፋ አድርጌ ጽፌዋለሁ።

ውሻ እቤትም ይታጠባል፤ ለምን ገንዘብ ከፍዬ አመጣዋለሁ?

እውነት ነው፣ እቤትም ይታጠባል። ውሻዎ ፀጉሩ አጭር ከሆነና ውሃ የማይፈራ ከሆነ፣ ግቢ ውስጥ በለብታ ውሃ አጥበው በፎጣ ቢያደርቁት ምንም አይጎድልበትም። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ሥራ ይቀርብኛል ብዬ አልደብቅም።

ማጠቡ ግን ከሥራው ትንሹ ነው። ውሻው ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ በጣቶቼ እዳስሰዋለሁ። ጆሮው ይሸታል? ብብቱ ውስጥ እብጠት አለ? በጣቶቹ መሐል የግራር እሾህ ወይም ጭጎጎት ተሰክቷል? በፊንጢጣው ዙሪያ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ተጣብቋል? (ይህ የሆድ ትል ቁራጭ ነው፤ ውሻው ቁንጫ ሲውጥ የሚይዘው።) ባለቤት በየቀኑ እያየው ያለፈውን ነገር እጅ ያገኘዋል። አንዲት ነጭ ውሻ ሆዷን ስበጥር ከጡቷ ስር ሽምብራ የሚያህል ጠጣር ነገር ጣቴን ነካኝ። ባለቤቷን ጠርቼ ጣታቸውን ቦታው ላይ አስቀመጥኩትና ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ እንዲወስዷት ነገርኳቸው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለበሽታ ስም አልሰጥም። ያገኘሁትን አሳይቼ ወደ ሐኪም እልካለሁ።

የእኔ የሀበሻ ውሻ ነው። ለእሱም ይህ ሁሉ ያስፈልገዋል?

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው እላለሁ። ሶፋ ላይ ያደገ ፑድል የሰው እጅ አያስደነግጠውም። የሀበሻ ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ገና በቡችላነቱ ሰንሰለት ይገባለታል፤ ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታል፤ ምግቡ በእግር ተገፍቶ ይቀርብለታል። ሰው እጁን ወደ እሱ የሚዘረጋው ሊያስረው ወይም ድንጋይ ሊወረውርበት ነው። ስድስት ዓመት ግቢ የጠበቀ ውሻ አንድም ቀን ሆዱን ሰው ነክቶት አያውቅም ሲሉኝ አምናለሁ።

ከሳቢያን ሰፈር የመጣ ቡላ ውሻ ነበር። በር ላይ ሲደርስ አራቱንም እግሮቹን ወለሉ ላይ ተክሎ አልገባም አለ። ባለቤቱ ሊጎትቱት ሲሉ ከለከልኳቸውና ጎኔን ሰጥቼው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዓይን ለዓይን አላየሁትም፤ እጄንም አልዘረጋሁም። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያው ቆየን። መጨረሻ ላይ መጥቶ እጅጌዬን አሸተተ፤ በዚያ ቀን ያደረግነው ይህን ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን አንገቱን ለመንካት ሲፈቅድልኝ አንድ የሚከረፋ ሽታ ሸተተኝ። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርገው፣ በቡችላነቱ የታሰረለት ቀጭን ሰንሰለት አንገቱ ሲወፍር አብሮ ሳይላላ ቀርቶ ቆዳው ውስጥ ተቀብሯል። ፀጉሩ ሸፍኖት ስለነበር ከላይ ምንም አይታይም። ባለቤቱ ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሲያዩት እንባቸው መጣ። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ሰንሰለቱ የታሰረ ዕለት የነበረውን አንገት ነበር በልባቸው የሚያዩት። ሐኪም ቆርጦ አወጣለት፤ ቁስሉም ዳነ። ሲያገግም መጥቶ ሳጥበው አገጩን ክንዴ ላይ አስደግፎ ቆመ። ያን ቀን እጄን ቶሎ ለማንሳት አልፈለግሁም።

ስለዚህ አሁኑኑ ወጥተው የውሻዎን ማሰሪያ ይመልከቱ። በአንገቱና በማሰሪያው መካከል ሁለት ጣት በነፃነት ካልገባ ዛሬ ያላሉት። የሚያድግ ቡችላ ከሆነ በየሳምንቱ ይመልከቱት።

በስንት ጊዜ አንዴ ይታጠብ?

ፀጉሩ ረጅም ከሆነ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አንዴ፤ አጭር ከሆነ ሲቆሽሽ። በየሳምንቱ በሳሙና ማጠብ የቆዳውን ቅባት ጠርጎ ያሳክከዋል። ማበጠር ግን ሌላ ነገር ነው፤ ረጅም ፀጉር ያለውን ውሻ በየቀኑ ቢያበጥሩት ይወድዎታል።

በልብስ ሳሙና ወይም በሰው ሻምፖ ባጥበው ምን ይሆናል?

የሰው ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ የውሻ ቆዳ ግን ወደ ገለልተኛው ይጠጋል። የላይኛው የቆዳ ሽፋኑም ከእኛ ይሳሳል። ለእኛ የተሠራ ሻምፖ ሲደጋገምበት ቆዳው ይደርቃል፣ ይፈረፈራል፣ ያሳክከዋል። የልብስ ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ደግሞ የባሰ ነው። ለአንድ ቀን ቢቸግርዎ ሽታ የሌለው የሕፃን ሻምፖ በብዙ ውሃ አቅጥነው መጠቀም ይችላሉ።

የድሬዳዋ ውሃ ራሱን የቻለ ጉዳይ አለው። ከመሬት ውስጥ የሚወጣና ካልሲየም የበዛበት ስለሆነ የሻይ ጀበናችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ሳሙናም በቀላሉ አይረግፍበትም። ውሻ ላይም እንዲሁ ነው። አረፋው የጠፋ ይመስላል እንጂ ከስር ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ከሁለት ቀን በኋላ ውሻው ራሱን ሲቧጭር ባለቤቱ «ሻምፖው አልተስማማውም» ይላል። እኔ ሻምፖውን በባልዲ ውሃ በጥብጬ ነው የምቀባው፤ ከታጠበ በኋላም ፀጉሩን በጣቶቼ ጨምቄ ማሙለጭለጩ እስኪቀር ድረስ አለቀልቀዋለሁ። ከማጠቡ ይልቅ ማለቅለቁ ጊዜ ይፈጃል። ጆሮው ውስጥ ውሃ እንዳይገባም በቅድሚያ ጥጥ አስገባለታለሁ፤ ሲጨርስ ማውጣቱን እንዳይረሱ!

በዚህ ሙቀት የጀርመን ሸፐርዴ ፀጉር ሙሉ በሙሉ ቢላጭለት አይሻልም?

ይህን ጥያቄ በሚያዝያና በግንቦት በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ የሚጠይቁትም ከርኅራኄ የተነሣ ነው። የሐረር ደንበኞቼ እንኳ፣ ከ1800 ሜትር በላይ ካለው ቀዝቃዛ ከተማቸው 1200 ሜትር ገደማ ወዳለችው ድሬ ሲወርዱ፣ የመጀመሪያው ቃላቸው «ላጭልኝ» ነው።

አልላጭም። ምክንያቱን ላስረዳ። ጀርመን ሸፐርድና መሰሎቹ ድርብ ፀጉር አላቸው። ከላይ ጠንከር ያለና ረዘም ያለው አለ፤ ከስሩ እንደ ጥጥ የለሰለሰው። እኛ ሲሞቀን መላ ሰውነታችን ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን እንበርዳለን። ውሻ ግን የሚያልበው ከእግሩ መዳፍ ብቻ ሲሆን፣ በዋናነት የሚቀዘቅዘው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። ስለዚህ ጀርባውን መላጨት እንደ ሰው አያበርደውም። ከዚህም በላይ የላይኛው ፀጉር ፀሐይ ቆዳውን እንዳትነካ የሚከልል ጥላው ነው፤ ተላጭቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ውሻ ቆዳው ይቃጠላል። ሲበቅል ደግሞ የስሩ ጥጥ ቀድሞ ይወጣና የላይኛውን ያፍናል፤ ፀጉሩ ተንጨባሮና ተቦዳድሶ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዘለቄታው ይቀራል።

የሚያስቸግረው ሙቀት የሚመጣው ከሞተው የውስጥ ፀጉር ነው። ይህ ፀጉር ከስር ተነቅሎ ሳይወጣ ሲቀር እንደ ጋቢ ይደረባል፤ አየርም አያሳልፍም። መድኃኒቱ ማበጠር ነው። ጥርሱ ረጅም በሆነ ማበጠሪያ ከስር እየገለጥኩ አወጣዋለሁ፤ ከአንድ ጀርመን ሸፐርድ ብቻ አንድ ትልቅ ፌስታል የሚሞላ ፀጉር ይወጣል። ባለቤቶች ፌስታሉን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የሚመጣውን መገረም መቼም አልጠግበውም። ውሻውም ሲወርድ እንደ ቡችላ ይዘላል።

ፑድልና ማልቲስ የተለዩ ናቸው፤ ፀጉራቸው እንደ ሰው ሳያቋርጥ ስለሚያድግ መቆረጥ አለበት። ለእነሱም ቢሆን የጣት ውፍረት ያህል ፀጉር ጀርባቸው ላይ እተዋለሁ። ሐኪም ለቁስል ወይም ለቆዳ ሕክምና ላጭ ብሎ ካዘዘ ደግሞ ማንኛውንም ውሻ እላጫለሁ።

ለምን ከረፋድ በኋላ ቀጠሮ አይሰጥም?

ለውሻው ሕይወት ስል ነው። በበጋ የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ 4 ሰዓት ላይ አቆማለሁ። ከቀትር በኋላ ከተማው ሁሉ ሱቁን ዘግቶ እንደሚያርፈው እኔም አርፌ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንደገና እከፍታለሁ። የውሻ ጤናማ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የፈራ ውሻ ራሱ ይሞቃል፤ በዚያ ላይ ሞቃት ክፍልና የፀጉር ማድረቂያ ሲጨመሩበት 41 ዲግሪን ማለፍ አይከብደውም፤ ከዚያ በኋላ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። አፍንጫቸው ድፍጥ ያለ ውሾች በማለክለክ በደንብ ስለማይቀዘቅዙ ከሁሉም በላይ ያሰጋሉ። ማድረቂያውን ሁልጊዜ በቀዝቃዛ አየር ብቻ ነው የምጠቀመው።

ውሻዎ በኃይል ካለከለከ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ምራቁ ከወፈረና ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፤ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ሆዱና እግሩ ላይ እያፈሰሱ ያራግቡት፤ ከዚያም በቀጥታ ወደ ሐኪም። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉት፤ ፎጣው ይሞቅና ሙቀቱን ያፍንበታል። ይዘውት ሲመጡ ደግሞ አስፋልቱን የእጅዎን ጀርባ አስነክተው ይሞክሩት። አምስት ሰከንድ ካላስቻለዎት የእሱንም መዳፍ ያቃጥለዋል።

መዥገር በየጊዜው እነቅላለሁ፤ ለምን አያልቅም?

የሚነቅሉት እንግዳውን ነው፤ ቤቱ ሌላ ቦታ ነው። እኛ አካባቢ በብዛት ውሻ ላይ የሚገኘው ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። ሌሎች መዥገሮች ሣር ይፈልጋሉ፤ ይህ ግን ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ፣ ከበር ጀርባ፣ ከውሻው መኝታ ስር ይኖራል። ጠግባ እንደ ባቄላ ያበጠችው ሴቷ መዥገር ከውሻው ወርዳ ስንጥቅ ውስጥ ትገባና በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ስለዚህ ውሻውን ብቻ ማጠብ ከወንዝ በጣሳ እየቀዱ ወንዙን ለማድረቅ እንደመሞከር ነው። የውሻው መኝታ ጨርቅ በፈላ ውሃ ይታጠብ፤ የቤቱ ስንጥቅ ይመረግ፤ ለውሻ የተዘጋጀውን የመዥገር መድኃኒት ደግሞ ሐኪሙ በኪሎው ልክ ይዘዝለት።

ሲነቅሉ በወረንጦ ከቆዳው ጋር ተጠግተው ይያዙና ሳያጣምሙ ቀጥ አድርገው ይሳቡ። ላምባ አያፍስሱበት፤ በሲጋራም አያቃጥሉት። በጣትም አያፍርጡት፤ መዥገር የውሻን ደም የሚያበላሹ በሽታዎች ያስተላልፋል። ውሻው ከስቶ፣ ድዱ ነጥቶና ትኩሳት ይዞት ከመጣ አላጥበውም፤ ወደ ሐኪም ነው የምመልሰው።

አሁን ደግሞ ከልቤ የምለምነው ነገር አለ። ለከብትና ለግመል የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት በግምት በጥብጠው ውሻ ላይ አያፍስሱ። መጠኑ ለትልቅ እንስሳ የታሰበ ነው፤ ውሻ ደግሞ ራሱን ስለሚልስ መርዙን ይውጠዋል። ምራቁ እየተዝረበረበ፣ እየተንቀጠቀጠ የመጣብኝ ውሻ ነበር። በብዙ ውሃ አለቅልቄው ባለቤቱ በባጃጅ ወደ ሐኪም ሮጡ፤ ዳነ፤ ሁሉም ግን አይድንም። ለእከክ ተብሎ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም እንዲሁ ነው። እከኩን አያድነውም፤ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳዋል። ድመት ካለዎት ደግሞ ለውሻ የተሰጠውን ጠብታ አያካፍሏት፤ ፐርሜትሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ከሆነ ድመትን ይገድላል።

ሆዱ ስር ቀይ ሽፍታ ወጣበት፤ ከሻምፖው ይሆን?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚውል ነው። ቅንጨ አረም፣ በኦሮምኛ ፈረምሲሳ የሚባለው ነጭ አበባ ያለው አረም፣ በባዶ ቦታውና በመንገዱ ዳር ሞልቷል። ሰውም እንስሳም ሲነካው ቆዳን ያሳክካል። አረሙ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 እዚሁ ድሬዳዋና ሐረርጌ አካባቢ ነው። ግቢዎ ውስጥ ካለ ሳያብብ ይንቀሉት፤ ሲነቅሉም ጓንት ያድርጉ።

ፀጉሩ ተጋግሯል፤ ሳትቆርጠው ልትፈታው አትችልም?

ጥቂት ቋጠሮ ከሆነ በጣቴና በሚዶ ቀስ ብዬ እፈታዋለሁ። መላ ሰውነቱ እንደ ባና ከተጋገረ ግን አልፈታውም፤ በማሽን ከስር አነሣዋለሁ። የእርስዎን ፀጉር አንድ ሰው ለሦስት ሰዓት ከሥሩ እየጎተተ ቢያበጥረው ያስቡ። የተጋገረ ፀጉር እያንዳንዱ እርምጃ ላይ ቆዳን ይስባል፤ ከስሩም ቆዳው ይረጥባል፣ ይቆስላል። እኔ የሚያሳስበኝ ውሻው ነው፤ ፀጉሩ ይበቅላል። ተላጭቶ ሲወጣ ባለቤቶች ይከፋቸዋል፤ አንዲት እናት «ልጄን አዋረድክብኝ» ብለውኝ ያውቃሉ። ከሁለት ወር በኋላ በእጃቸው ብሩሽ ይዘው መጡና እንዴት እንደሚበጠር አሳየኋቸው።

በተለይ ልብ የሚሉት ቦታ ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጭን መካከል ነው። ውሻው ሳይበጠር አይታጠብ፤ ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል።

ጥፍሩን ስቆርጥ ደማ፤ ምን ላድርግ?

ደረቅ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ጥፍሩ ጫፍ ላይ አጥብቀው ይያዙ፤ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ሳያነሡ። ይቆማል።

በጥፍሩ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ አለ። ነጭ ጥፍር ላይ ሮዝ ሆኖ ይታያል፤ ጥቁር ጥፍር ላይ አይታይም፤ አብዛኛው የሀበሻ ውሻ ደግሞ ጥቁር ጥፍር ነው ያለው። ስለዚህ እንደ ወረቀት በሳሳ በሳሳ እቆርጣለሁ፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ በኋላ ጫፉን አያለሁ። መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ እርጥብ ነጥብ ሲታይ አቆማለሁ። አውራ ጣቱ ላይ ከፍ ብሎ ያለውን ጥፍር አይርሱ፤ መሬት ስለማይነካ ዞሮ ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ውሻዬ ይናከሳል። ትቀበለዋለህ?

እቀበለዋለሁ፤ አስቀድመው ይንገሩኝ እንጂ። ሰዎች ያፍሩና «ምንም አያደርግም» ይሉኛል፤ እኔን የነከሱኝ ሁሉ «ምንም አያደርግም» የተባለላቸው ናቸው። እውነቱን ከነገሩኝ ልኩ የሆነ የአፍ ማሰሪያ አዘጋጃለሁ፤ የሚያለከልክበት ክፍተት ያለውን። ሥራውንም ለሁለት ለሦስት ቀን እከፍለዋለሁ። ዛሬ ጥፍር፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገላ። ማደንዘዣ አልሰጥም፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። በዱላም በጩኸትም አላስገድድም። የሚናከስ ውሻ ሁሉ ማለት ይቻላል የፈራ ወይም የታመመ ነው፤ ፍርሃቱን በጨመርኩበት ቁጥር ቀጣዩን ንክሻ አዘጋጅቻለሁ ማለት ነው።

የክትባት ወረቀት ለምን ትጠይቃለህ?

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም ይገድላል፤ ወደ ሰው የሚተላለፈውም በአብዛኛው በውሻ ነው። ምራቁ ውስጥ ያለው ቫይረስ ውሻው ገና ጤነኛ መስሎ ሳለ፣ ምልክቱ ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ «ጤነኛ ነው» የሚለው ቃል አይበቃኝም። ቡችላ በሦስት ወሩ ይከተባል፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚነግርዎት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ፣ ይታደሳል።

ማንኛውም ውሻ ከነከሰዎ ወይም ቁስልዎን ከላሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሰዓት ይዘው። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ መነስነስ ጊዜ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው ደግሞ ሳይነከስ በፊት ራሱ ይከተብ።

ጎረቤቶቼ ሙስሊሞች ናቸው፤ ውሻ ይዤ በመንገድ ሳልፍ ይጨነቃሉ። ምን ይሻላል?

ሥራዬን ስጀምር ከሁሉ ይልቅ ያሰብኩበት ይህ ነው። በምሥራቁ ክፍል ብዙው ሙስሊም የሻፊዒን መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት መንገድ) ይከተላል፤ በዚህ መዝሀብ የውሻ ምራቅና እርጥበት ነጃሳ፣ ማለትም የሚያረክስ፣ ነው፤ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ልብሱን እርጥብ ውሻ ቢነካበት ምን ያህል እንደሚቸገር ያስቡት። ይህን ማክበር ጉርብትና ነው። የማጥቢያ ክፍሌ ግድግዳና በር አለው፤ ውሃው ወደ መንገድ ሳይወጣ በተዘጋ ቱቦ ይሄዳል፤ የሥራ ልብሴን አውልቄ፣ ታጥቤ ነው ሱቅ የምሄደው። ደንበኞቼንም ውሻው ሳይደርቅ ከግቢ እንዳያስወጡ፣ በጀመዓ ሶላት መውጫ ሰዓት በመስጊድ በር እንዳያልፉ፣ ባጃጅ ሲይዙ ሹፌሩን አስቀድመው እንዲያስፈቅዱና አንሶላ እንዲያነጥፉ እነግራቸዋለሁ።

አጠገቤ የሚኖሩት ሐጂያ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። አንድ ቀን ጠርተውኝ፣ ውሃ የጠማውን ውሻ አይቶ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ቀድቶ ስላጠጣውና ምሕረት ስላገኘው ሰው አጫወቱኝ። አሁን ውሃ በተቋረጠ ቀን ከበርሜላቸው ሁለት ጄሪካን የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው።

ሙያውን መማር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

እኔ የሰው ፀጉር አስተካካይ ነበርኩ። መቀስና ማሽን አያያዝ ከዚያ ይዤ መጣሁ፤ ቀሪውን ግን እንደ አዲስ ነው የተማርኩት። ሰው «ዞር በል» ሲባል ይዞራል። ውሻ የሚናገረው በአካሉ ስለሆነ መጀመሪያ የሚማሩት ቋንቋውን ነው። እንቅልፍ ሳይኖረው ካዛጋ፣ ምግብ ሳይኖር አፉን ከላሰ፣ የዓይኑ ነጭ በጎን ከታየ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ድንገት ከደረቀና ትንፋሹን ከያዘ፣ እጅዎን ያንሡ። የሚያጉረመርም ውሻ ማስጠንቀቂያ እየሰጠዎት ነው፤ አይቆጡት። በማጉረምረሙ የተመታ ውሻ ቀጥሎ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

የማሽኑ ምላጭ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞቃል። በየጥቂት ደቂቃው የእጅዎን አንጓ ውስጠኛ ክፍል አስነክተው ይፈትሹት፤ እርስዎን ካቃጠለ እሱን አቃጥሎታል። መብራት እንደሚጠፋ አስበው በባትሪ የሚሠራ ማሽን ይኑርዎት፤ ግማሽ ጎኑ የተላጨ ውሻ ይዤ ሁለት ሰዓት ጠብቄ አውቃለሁ። ውሃም ሁልጊዜ በበርሜል ይኑር። ጠረጴዛው ወገብዎ ድረስ ይሁን፤ ጎንበስ ብሎ መሥራት በሁለት ዓመት ውስጥ ወገብን ይጨርሳል። የሚበንነው ፀጉር ሳንባ ውስጥ ስለሚገባ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ። ጠረጴዛ ላይ ያለ ውሻን ደግሞ ለአንድ አፍታም ጥለውት አይሂዱ፤ ስልክ ቢጮኽም ይጩኽ።

ከባዱ ነገር ይህ ብቻ አይደለም። በር ላይ ታስሮ የተጣለ፣ ባለቤቱ ስልክ የማያነሣ ውሻ ይገጥምዎታል። ገንዘብ የሌለው ሰው የታመመ ውሻ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ቀናት የሚያሳልፍልዎት ሥራውን መውደድዎ ብቻ ነው።

ዋጋው ለምን ይለያያል?

በውሻው ትልቅነት፣ በፀጉሩ ሁኔታና በሚፈጀው ጊዜ ነው። በየወሩ የሚመጣ ውሻ ሁልጊዜ በርካሽ ይጨርሳል።

በጣም ያረጀ ውሻ ይታጠባል?

ይታጠባል፤ በጥንቃቄ። ከጠረጴዛ ይልቅ መሬት ላይ በተነጠፈ ወፍራም ምንጣፍ፣ በአጭር ጊዜ፣ እያረፈ። የሚያምመውን እግር ከፍ አድርጌ አላነሣም።

አንድ ለገሃሬ አካባቢ የሚኖሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ። ውሻቸው አስራ አራት ዓመቱ ነው፤ አንድ ዓይኑ ደፍርሷል፤ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን «ተኛ»፣ «ቁጭ በል» ስለው ዝም ብሎ አየኝ። ጋሼ ፈገግ አሉና «እሱ አማርኛ አልተማረም» አሉኝ። እንደ ድሮ ሼሚኖዎች (የባቡር ሠራተኞች) በፈረንሳይኛ ነው ያሳደጉት። «ኩሼ» ሲሉት በዝግታ፣ መጀመሪያ ደረቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን እያሳረፈ ተኛ። እኔም ቃሏን ተምሬ ሁልጊዜ በጆሮው እላታለሁ። ጋሼ በዝቅተኛ በርጩማ አጠገቡ ይቀመጣሉ። እኔ ጥፍሩን በሳሳ በሳሳ ስቆርጥ እሳቸው ጆሮውን በሁለት ጣት ያሻሹለታል፤ ስንጨርስ ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ ዳቦ ያወጣሉ። ቀጠሯቸው በየወሩ መጨረሻ ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ ያን ሰዓት ለሌላ ሰው አልሰጥም።